የሰባቱ ጀሪካኖች ልክ

ዛሬ ረቡዕ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአዲስ አበባ ከተማ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጌጃ ሰፈር በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ ውስጥ፣ እኔ ገብረየሱስ ተክለጻድቅ፣ ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሆነኝ፣ ሐኪም ልብህ ደክሟል ቢለኝም አእምሮዬ ያልደከመ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን የመጨረሻ ቃሌን በአራት ምስክሮች ፊት እየተናገርኩ አስጽፌአለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ የሚፈልግ ቢኖር፣ በዕቃ ቤቴ ያሉትን የሰባት ጀሪካን ወይን ልክ በቃሌ እንደማውቅ ይመዝገብልኝ። አንደኛው አሥራ አራት ሊትር ተኩል ነው፤ ሁለተኛው አሥራ አምስት ነው፤ የሌሎቹን ለጊዜው አልናገርም። በር ላይ ማን ቆሞ እንደሚሰማ አይታወቅም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስንት ኑዛዜ ሲፈርስ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ ምስክር ሳይፈርም በመቅረቱ የፈረሰ አለ፤ አንድ ቃል ተሰርዞ ሌላ በመጻፉ አሥር ዓመት ያከራከረ አለ። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ በዚህ ክፍል ውስጥ የሚነገር ሁሉ፣ የእኔም ይሁን የሌላ ሰው፣ እንደ ወረደ ይጻፍ። አንዴ የተጻፈም አይሰረዝ። የምለውጠው ነገር ቢኖር መለወጤን ከሥሩ አስጽፋለሁ እንጂ ስርዝ ድልዝ ያለበትን ወረቀት እኔ ራሴ ዳኛ ብሆን አላምነውም።

ጸሐፊዬ ወ/ት ማህሌት ፍሰሐ ናት። ሰፈሩ ማሂ ይላታል፤ ከመንገዱ ማዶ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤቷ በኮምፒውተር የምትጽፍ ልጅ ናት። ዛሬ ኮምፒውተሯንና ማተሚያዋን ይዛ መጥታለች። አልፎ አልፎ ፊደል ትጥላለች እንጂ ሰው አታታልልም። ቢሆንም አትማ ስትጨርስ ጽሑፉን ከኮምፒውተሯ ውስጥ እፊቴ እንድታጠፋው አዝዣለሁ። «እሺ ጋሼ፣ አጠፋዋለሁ፣ አይጠራጠሩ» ብላለች። እጠራጠራለሁ፤ ይህም ይጻፍ።

ምስክሮቼ አራት ናቸው። የነፍስ አባቴ ቄስ ቃለሕይወት፤ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ሰላሁን ገዳ፤ ጎረቤቴ፣ ጠላ ጠምቃ የምትሸጠው ወ/ሮ ታየች ማኑ፤ እንዲሁም ከበሬ አጠገብ ሱቅ ያላት ወ/ሮ ሀያት ነስሩ። ሕጉ ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው አንዳች ነገር እንዳያገኝ ይከለክላል። አቶ ሰላሁንና ወ/ሮ ታየች ጀሪካኖቼን ለዓመታት በዓይናቸው ሲበሉ ስለኖሩ፣ ሆን ብዬ ሁለቱንም ምስክር አድርጌያቸዋለሁ።

ወ/ሮ ታየች ይህንን ስትሰማ «እንዴ! ጋሽ ገብረየሱስ፣ ለዚህ ኖሯል እንዴ አክብረው የጠሩኝ?» ብላለች። አቶ ሰላሁን ስቀዋል።

አንደኛ፤ ስሞት ልደታ ማርያም ከባለቤቴ ከወ/ሮ ፀሐይቱ አጠገብ ልቀበር። በአርባዬ ቀን ከውጭ የተገዛ መጠጥ አይቅረብ። አራተኛው ጀሪካን ተቀድቶ ይቅረብ፤ ከመቀዳቱ በፊትና ከተቀዳ በኋላ ግን ይለካ። የሚለካው ሰውና የሚቀዳው ሰው አንድ አይሁን።

ሁለተኛ፤ ይህ ሁለት ክፍል ቤት ከነካርታው ለልጄ ለፍሬምናጦስ ገብረየሱስ ይሁን። ፍሬምናጦስ ክፉ ልጅ አይደለም። ይሁን እንጂ ባለፈው ወር ሜትር ይዞ መጥቶ «ቀለም ላስቀባልህ ነው አባዬ» እያለ ወለሉን ሲለካ አይቼዋለሁ። ወለል ቀለም አይቀባም። ይህን ያየሁት መሆኔን ይወቅ ብዬ ነው የማስጽፈው፤ ቤቱን ግን ሰጥቼዋለሁ።

ሦስተኛ፤ የወይን መጥመቂያዬን በሚመለከት። ንብረቱ ሰባት ባለሃያ ሊትር ጀሪካኖች፣ ሁለት ቀጫጭን ላስቲክ ቱቦዎች፣ አንድ የጨርቅ ማጥለያ፣ ከሠርግ አዳራሽ ዘበኞች ለምኜ ያጠራቀምኳቸው መቶ ስድስት ባዶ ጠርሙሶችና አንድ ደብተር ነው። ለማን እንደማወርሰው ሦስት ወር ሙሉ አስቤ ሰው አጣሁ። ስለዚህ ወይኑ ከአራተኛው ጀሪካን በቀር ይደፋ፤ ዕቃው ታጥቦ ለሰንበቴ ማኅበራችን ይሰጥ።

ከደብተሩ ውስጥ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ተገንጥሎ ጠፍቷል። ማን እንደ ገነጠለው በስም አልናገርም፤ ገጹ ከጠፋበት ሳምንት ጀምሮ ግን ወ/ሮ ታየች ከጠላው ጎን ለጎን ቀይ ነገር መሸጥ ጀምራለች። አሁን ዘዴው የአንድ ሰው ሀብት ሆኖ እንዳይቀር ለሁሉም በግልጽ አስጽፈዋለሁ።

ለአንድ ጀሪካን ሁለት ኪሎ ዘቢብ፣ ሦስት ኪሎ ስኳር፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ አሥራ አራት ሊትር ይበቃል። ዘቢቡ ቅባት ስላለበት በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ ከዚያ ደቀቅ ተደርጎ ይከተፍ። የዳቦ እርሾ አንድ የሻይ ማንኪያ በለብታ ውኃ ይበጥበጥ እንጂ በሙቅ ውኃ አይበጥበጥ፤ ይሞታል። የሁለት ሎሚ ጭማቂና ወፈር ያለ ሻይ ሁለት ብርጭቆ ይጨመር። ሻይ ለምን ይገባል የሚል አይጠፋም፤ ያለ ሻይ የተጠመቀ ወይን ሽሮፕ ሽሮፕ ይላል። ጀሪካኑ አፍ ላይ የልጆች ፊኛ ይታሰርና በመርፌ አንድ ጊዜ ብቻ ይበሳ፤ በዚያች ቀዳዳ ጋዙ ይወጣል፤ አየር ግን አይገባም። ፊኛው ከተነፋ ወይኑ እየሠራ ነው፤ ሲሟሽሽ ጨርሷል። በዚህ ፈንታ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ሰው አለ። አቶ ሰላሁን በ2009 ዓ.ም. ከእኔ ተደብቀው በቀይ ሥር ለመጥመቅ ሞክረው ነበር፤ የሆነውን የሳሎናቸው ኮርኒስ ይናገራል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከታች የተኛው አተላ ሳይነካ በቱቦ ወደ ሌላ ጀሪካን ይገልበጥ፤ ከዚያ ሦስት ወር ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ዘቢብ የተወደደ ጊዜ ገበያው ሊበተን ሲል የሚጣለውን ጠቆር ያለ ሙዝ ሰብስቦ በእርሱ መጥመቅ ይቻላል፤ እኔ አምስት ዓመት እንዲህ አድርጌአለሁ፤ ማንም አላወቀብኝም። አረቄ ግን ቤቴ ውስጥ ተጣርቶ አያውቅም። ዓይን የሚያጠፋውን ጠብታ ከሌላው የምለይበት መሣሪያ ስለሌለኝ አልደፈርኩትም።

እግረ መንገዴን አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። ለሰንበቴያችን የማር ጠጅ ነው እያልኩ ያቀረብኩት ጠጅ ግማሹ ስኳር ነበር። አባ ቃለሕይወት ይህን ሲሰሙ «እናውቅ ነበር» ብለዋል። ይጻፍ። ማን እንደ ነገራቸው ግን ኋላ እጠይቃለሁ።

አራተኛ፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በሚመለከት። ወ/ሮ ሀያት ሙስሊም ናት፤ የመጠጥ ሽታ ደጇ እንዲደርስ አትፈቅድም። በዚህ ምክንያት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ቁልፉ የሚቀመጠው እርሷ ዘንድ ነው። ቁልፍ ለማይጠጣ ሰው እንጂ ለሚጠጣ አይሰጥም፤ በበዓል ዋዜማ እኔ ራሴም አልታመንም። በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ መጥታ ትከፍትልኛለች፤ ልኬን እለካለሁ፤ ትዘጋለች። ዘቢቡንና ስኳሩንም የምገዛው ከእርሷ ነው። ስትሸጥልኝ ለምን እንደሚሆን አትጠይቀኝም፤ እኔም አልነግራትም፤ ስትከፍትልኝም ፊቷን ወደ ግቢው ታዞራለች። እንዲህ ተከባብረን አሥራ አንድ ዓመት ኖረናል። በሰፈሩ ውስጥ ክፉ ነገር ያላየሁባት እርሷ ብቻ ናት። ምስክር ስለሆነች የምሰጣት ነገር የለም፤ ይህን ቃል ግን ሰጥቻታለሁ።

አምስተኛ፤ ልጄን ትሕትና ገብረየሱስን ከውርሴ ነቅያታለሁ። ሕጉ ልጁን ከውርስ የሚነቅል አባት ምክንያቱን እንዲገልጽ ስለሚያዝ ምክንያቴ ይህ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ከየካቲት ወር ጀምሮ ሦስተኛው ጀሪካን በየሳምንቱ አንድ ጣት ያህል ይወርድ ጀመር። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ከዚያ በጀሪካኑ ጎን በማርከር ማስመር ጀመርኩ፤ በየእሑዱ ወይኑ ከመስመሩ በታች ሆኖ አገኘዋለሁ። ክዳኑ ላይ ክር በራሴ ቋጠሮ አሰርኩ፤ ክሩ ተፈትቶ እንደገና ታስሮ ጠበቀኝ። ቋጠሮው ግን የእኔ አልነበረም። ቁልፉ ሀያት ዘንድ ነው። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። ፀሐይቱ ደግሞ በሕይወቷ መጠጥ አፏ ገብቶ አያውቅም፤ የሰንበቴውን ጽዋ እንኳ ከንፈሯን አስነክታ ነበር የምታሳልፈው።

የትሕትና ባል በረከት ሚደቅሳ ነው፤ ቤኪ ይሉታል። ወደ ልደታ ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ ኪዮስክ አለው፤ ሥራው ቁልፍ መቅረጽ ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር የዕቃ ቤቴ ቁልፍ አስቸግሮ ጠግኖልኝ ነበር። ቁልፌ እጁ ላይ አንድ ሰዓት ቆይቷል። ከዚህ በኋላ የሚያስጠረጥር ሌላ ሰው መፈለግ የዋህነት ነው፤ እኔ ደግሞ የዋህ አይደለሁም።

ግንቦት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ለልደታ ጎረቤቱ ሁሉ ንፍሮውንና ዳቦውን ይዞ ግቢያችን ተሰብስቦ ነበር። ቤኪ የሰጠሁትን ወይን ሲጠጣ ተነሥቼ በሰው ሁሉ ፊት «ይህንን እንኳ ዛሬ በግልጽ ነው የምትጠጣው፤ ቁልፍ ቀራጭ ያገባች ልጅ ያለው ሰው በሩን ባይዘጋ ይሻለዋል» አልኩት። ቤኪ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ንጹሕ ሰው ቢሆን ይከራከረኝ ነበር። ትሕትና «በቃ አባዬ» አለችኝ፤ እናቷን ትክ ብላ አየቻትና ባሏን ይዛ ወጣች። አይዞሽ እንድትላት ፈልጋ ነው ብዬ ያዝኩባት።

ከዚያ ቀን በኋላ የሦስተኛው ጀሪካን ልክ አንድም ጊዜ ወርዶ አያውቅም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚጠይቅ ዳኛ ካለ እኔ አላገኘሁትም። ትሕትና እናቷ ስትታመም መጥታ አስታማለች፤ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ስታርፍም ድንኳን ውስጥ ተቀምጣለች። ሰላም ስትለኝ አልመለስኩላትም። የባሏን ስርቆት የሸፈነች፣ አባቷን ይቅርታ ለመጠየቅ አራት ዓመት ሙሉ ያልመጣች ልጅ ወራሼ አይደለችም። እኔም በኪዮስኩ በኩል እንዳላልፍ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ዞሬ ነው።

ማሂ ይህን አንቀጽ ጮክ ብላ እንድታነብ አዝዤ አንብባለች። አንብባ ስትጨርስ ወ/ሮ ሀያት ከወንበሯ ተነሥታ «እኔ እዚህ ላይ አልፈርምም» ብላለች።

«ለምን?» አልኳት። «አራት ፊርማ ከሌለበት ብጣሽ ወረቀት ነው። አታበላሺብኝ።»

«ጋሽ ገብረየሱስ፣ ቤኪ ጠብታ አልወሰደም። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ያሰብኩትን ልናገር፤ ትሕትና ልካታለች ብዬ ነው ያሰብኩት። «ማን ላከሽ?» አልኳት።

«ወላሂ ማንም አልላከኝም። የከፈትኩት ለእትዬ ፀሐይቱ ነው።»

ውሸታም አልኳት። ፀሐይቱ አትጠጣም አልኳት። አባ ቃለሕይወት «እስቲ ትናገር፣ ያስጨርሷት» አሉኝ። የተናገረችው ይህ ነው፤ ማሂ አንድ ቃል ሳትቀንስ ጽፋዋለች።

«በየካቲት ነው የጀመራት። ሆዷን እንዲህ ይዛ ሱቄ መጥታ ቁጭ ትላለች። ጤና ጣቢያ ሄዳ ኪኒን ሰጥተዋታል፣ አልያዘላትም። ትልቅ ሆስፒታል ሂጂ ብለው ወረቀት ጽፈውላታል። አልሄድም አለች። ‹ገብሬ ይህን ካወቀ ቤቱን ሸጦ ያሳክመኛል፤ ልጆቼ ሜዳ ላይ ይቀራሉ፤ እኔ ደግሞ አልድንም› አለችኝ። ብለምናት፣ ባለቅስባት እምቢ አለች። ከዚያ አንድ ቀን ‹ሀያትዬ፣ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ከዚያ ወይን አንዲት የሻይ ብርጭቆ ብቅመስ ምን ይለኛል?› አለች። እኔ ለእንዲህ ያለ ነገር በር መክፈት ለሃይማኖቴም አይሆንም። ግን ስትሠቃይ ማየት አልቻልኩም። እርስዎ ለሠርክ ጸሎት ሲወጡ ነው የምከፍትላት። አንድ ብርጭቆ ነው፤ ከዚያ በላይ ቀድታ አታውቅም። ክሩንም የምታስረው እሷው ናት።»

«ቋጠሮውን?» አልኳት።

«አዎ። እንደ ነጠላ ጫፍ ቁጭት ነው የምትቋጥረው።»

ይህን ስትል ቋጠሮው ታየኝ። አርባ አራት ዓመት የነጠላዋ ጫፍ ላይ ያየሁት ቋጠሮ ነው። ጀሪካኑ ላይ ሆኖ ሳየው የሌባ ነው አልኩ።

ከዚያ «ከግንቦት ልደታ በኋላስ ልኩ ለምን ቆመ?» ብዬ ጠየቅኳት። መልሱን ባልሰማው እመርጥ ነበር፤ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ሀያት እያለቀሰች እንዲህ አለች፤ «ያን ቀን ማታ ሁሉንም ልትነግርዎ ነበር። ትሕትና ናት፣ የእናቷ ፊት ነግሯት፣ ሱቄ ጠርታ የከለከለቻት። ‹ምንም አትናገሪ እማዬ፣ እኛ እንችለዋለን። አንቺን ሌባ ከሚልሽ ቤኪን ይበለው› አለቻት። ቤኪም በላዩ ላይ ‹እኔ ልጅ ነኝ፣ ያልፋል› አለ። እትዬ ፀሐይቱ ከዚያ ወዲህ አልቀመሰችም። ልክፈትልሽ ስላት ‹በእኔ ምክንያት ልጁ ተዋርዶ እንዴት ይወርድልኛል?› አለችኝ። እስከ ሐምሌ፣ ሆስፒታል እስከ ገባችበት ቀን ድረስ፣ ነጠላዋን ነክሳ ነው የቻለችው። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። ግን ከውርስ መንቀል ድረስ ይደርሳል አላለችም። እሷም ብትኖር እዚህ ላይ ፈርሚ አትለኝም።»

አባ ቃለሕይወት አንገታቸውን ደፍተው ነበር። የፀሐይቱም የነፍስ አባት እርሳቸው ነበሩ። ያውቁ እንደ ነበር አልጠየቅኳቸውም። ዛሬ ማንንም የምጠይቅበት አንደበት የለኝም። ወ/ሮ ታየች ታለቅሳለች። አቶ ሰላሁን «ውኃ ስጡት» ብለው ውኃ ሰጥተውኛል፤ ጠጥቻለሁ።

ስድስተኛ፤ ከላይ በአምስተኛው አንቀጽ ያስጻፍኩት እንዳልተጻፈ ይቆጠር። ማሂ «እንግዲያው ላጥፋው?» ብላ ጠይቃኛለች፤ አይጠፋም። እኔ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበርኩ ልጆቼ ያንብቡት። ትሕትና ልጄ ናት፤ ከፍሬምናጦስ ጋር እኩል ወራሼ ናት። ሁለተኛው አንቀጽም በዚሁ ተለውጧል፤ ቤቱ የሁለቱ ነው። ወይኑ አይደፋም፤ መጥመቂያውም ወደ ሰንበቴ አይሄድም። ቤኪ ከፈቀደ ሁሉም የእርሱ ይሁን።

የፀሐይቱን ነገር ግን ምን ብዬ እንደማስጽፍ አላውቅም። በመጋቢት ቀሚሷ ሰፍቷት በመርፌ ስታጠብበው አይቻለሁ። ጾሙ ነው ብዬ አለፍኩት። በሚያዝያ ማሰሮ ማንሳት አቅቷት ጎረቤት ስትጠራ ሰምቻለሁ፤ እርጅና ነው አልኩ። የአንድ ጣት ወይን መጉደል ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገባኝ። ይህን ያህል አጥብቄ የምለካ ሰው ሚስቴ ከአጠገቤ ስትጎድል አላየሁም። በዚህ አፍራለሁ። ልቤ ተሰብሯል ብዬ አስጽፋለሁ፤ ሐኪሙ ያለውን ማለቴ አይደለም።

ልጄ ቤኪ ሆይ፣ በሰው ፊት ሌባ ብዬሃለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ እላለሁ። አንተ ያላደረግኸውን ተሸክመህ ሚስቴን ከእኔ ከምላሴ አዳንክልኝ። እኔ በኪዮስክህ በኩል እንዳላልፍ ስዞር አንተ ከሩቅ ቆመህ ባርኔጣህን ታነሣልኝ ነበር፤ ታሾፍብኛለህ ብዬ አስብ ነበር። ልጄ ትሕትና ሆይ፣ ድንኳን ውስጥ ሰላም ያልሽኝን ዛሬ መልሼልሻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደህና ነሽ ወይ?

እዚህ ላይ አቶ ሰላሁን አቋርጠውኝ እንዲህ ብለዋል፤ «ገብሬ፣ አንድ ነገር ልበልህ። ይሄ ኑዛዜ የሚከፈተው መቼ ነው?»

«ስሞት ነዋ» አልኩ።

«እና ደህና ነሽ ወይ ያልካት መቼ ነው የምትሰማው?»

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ማመልከቻ ስጽፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ዳኛ የለም። ማሂ እስከዚህ የተጻፈውን አትማ እንድታቀርብልኝ አዝዣለሁ።

የኑዛዜው ቃል እዚህ ላይ አብቅቷል። ሦስት ገጽ ሆኖ ታትሞ ለተናዛዡና ለአራቱም ምስክሮች ጮክ ተብሎ ተነቦላቸዋል። ተናዛዡም ቃላቸው መሆኑን አረጋግጠው በየገጹ ፈርመዋል።

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፤ በዚህ ክፍል የተነገረ ሁሉ ይጻፍ ስለ ተባልኩ የሆነውን ከዚህ በታች ጽፌአለሁ። ጋሽ ገብረየሱስ ፈርመው እንደ ጨረሱ ከዘራቸውን አንሥተው ተነሡ። ምስክሮቹ በየተራ እየፈረሙ ነበር። አቶ ሰላሁን «ወዴት ነው?» ሲሏቸው «ኪዮስኩ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» ብለው ጠየቁ። ወ/ሮ ታየች «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ጠዋት ሳልፍ ቤኪን አይቼዋለሁ፣ ትሕትናም ምሳ ይዛለት ትመጣለች» አሉ። ጋሽ ገብረየሱስ ኮታቸውን እየለበሱ በር ላይ ደረሱ፤ ወ/ሮ ሀያት ሮጠው ክንዳቸውን ደገፏቸው።

እኔም «ጋሼ፣ ወ/ሮ ሀያት አልፈረሙም እኮ፤ በሦስት ፊርማ ይፈርሳል ብለውኝ ነበር» አልኳቸው።

ወ/ሮ ሀያት «ፈርሜ ልምጣ፣ አንድ ደቂቃ ነው» አሏቸው።

ጋሽ ገብረየሱስ ግን የወ/ሮ ሀያትን እጅ አልለቀቁም። «ይፍረስ» አሉ። «ኑዛዜ ሳያደርግ የሞተን ሰው ልጆቹ እኩል ይወርሱታል፤ ያን ሕጉ ያለ እኔም ያውቀዋል። የቀረውን በአፌ እነግራቸዋለሁ። ነይ ሀያት፣ ልጅቷ ምሳውን አድርሳ ሳትመለስ እንድረስ።»

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ተያይዘው ወጥተዋል።

ተናዛዥ፦ ገብረየሱስ ተክለጻድቅ፤ ፈርመዋል።

1ኛ ምስክር፦ ቄስ ቃለሕይወት፤ ፈርመዋል።

2ኛ ምስክር፦ አቶ ሰላሁን ገዳ፤ ፈርመዋል።

3ኛ ምስክር፦ ወ/ሮ ታየች ማኑ፤ የደብተሩን ገጽ እንዳልገነጠሉ በቃል አስመዝግበው ፈርመዋል።

4ኛ ምስክር፦ ወ/ሮ ሀያት ነስሩ፤ ተናዛዡን ደግፈው ወደ ልጃቸው ስለ ሄዱ አልፈረሙም።